እማማ ክሌግና ባለ ጎማው ጡጦ

ንጉሥ ኤድዋርድ በነገሡ በሰባተኛው ዓመት፣ ኮልድሾ በምትባለው የእንግሊዝ የጥጥ ፋብሪካ ከተማ፣ ኦገስት ከገባ ወዲህ ጠብታ ዝናብ አልወረደም ነበር። የፋብሪካው ጭስ ሽቅብ መውጣት አቅቶት ጣሪያ ለጣሪያ ተኝቷል። በታነር ጎዳና ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው የተሠሩት ቤቶች በራቸውን በርግደው ነፋስ ይለምናሉ፤ የሚገባላቸው ግን ከጓሮው፣ ውሃ ከሌለው፣ አመድ ከሚነሰነስበት ሽንት ቤት የሚነሣው ሽታና ዝንብ ብቻ ነው።

በዚህ ሙቀት፣ ረፋዱ ላይ፣ አንዲት አሮጊት ከፒሊንግ ቤት ወጡ። ስማቸው ታቢታ ክሌግ ነው፤ የመንደሩ ሰው ግን ትልቁም ትንሹም እማማ ክሌግ ይላቸዋል። በዚያ ጎዳና ሰው ሲወለድ የሚቀበሉት እሳቸው፣ ሲሞትም አጥበው የሚገንዙት እሳቸው ናቸው። ሙያውን ያስተማራቸው ሐኪም የለም፤ ያለ እሳቸው ወደዚህ ዓለም የመጣም ሆነ ከዚህ ዓለም የሄደ የታነር ጎዳና ሰው ግን ጥቂት ነው። የዚያን ቀን ጠዋት የገነዙት የአራት ወር ሕፃን ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ አምስተኛው መሆኑ ነው። እጃቸው ሥራውን ከጨረሰ በኋላም አላርፍ ብሎ የሽርጣቸውን ጫፍ ይጠቀልላል፣ ይፈታል፣ መልሶ ይጠቀልላል።

ማዕዘኑ ላይ ካለው የውሃ ቧንቧ ሲደርሱ ከሌቲ ሆልደን ጋር ግጥም አሉ። ሌቲ የሸማኔው የሆልደን ልጅ ናት። በትምህርቷ ጎብዛ ማንቸስተር ድረስ ሄዳ፣ ነርስነት ተምራ፣ ባለፈው ጸደይ ቤት ለቤት እየዞረች ሕፃናትን የምታይ የማዘጋጃ ቤቱ የጤና ጎብኚ ሆና ተመልሳለች። በዚያ ሙቀት ግራጫ ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ነበር።

«እንደምን አደሩ፣ እማማ ክሌግ?»

«ማደሩንስ አድሬያለሁ። ወደ ፒሊንግ ቤት ከሆነ የምትሄጂው ዘግይተሻል። ገንዤው መውጣቴ ነው።»

ሌቲ ባለችበት ቀረች። «ከመንታዎቹ የትኛው ነው?»

«ወንዱ፣ አርተር። አዳ አለች፤ እሷም ብትሆን ዓይኗ ጎድጉዷል።»

«ተቅማጥ ነው?»

«ጥርስ ነው። ጥርስ ሲገፋ ሆድ ይፈታል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደካማው ይሄዳል። ኦገስት ግብሩን ሳይወስድ አያልፍም፣ ልጄ። እናቴም ይህንኑ ስታይ ነው የሞተችው።»

«በአራት ወሩ ጥርስ ያበቀለ ልጅ ስንት አይተዋል?»

«እኔ ያየሁትን ብነግርሽ ደብተርሽ አይበቃውም።»

ሌቲ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አርተር በምን ነበር የሚጠባው?»

«በባለ ጎማው ጡጦ ነዋ። እናቱ ፋብሪካ ትውላለች፤ ጡቷን ቆርጣ አትተውለት። ጡጦውንም የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሴት በኔ እጅ ወልዳ እሱን ሳልሰጣት ከቤቷ አልወጣም። ጠርሙሱን ከልጁ ጎን ታጋድሚዋለሽ፣ ረጅሙን ጎማ አፉ ታደርጊለታለሽ፣ እሱ ተኝቶ ሲጠባ ይውላል፤ ያንቺም እጅ ለሥራ ነጻ ይሆናል። በኔ ጊዜ እንዲህ ያለ በረከት የት ነበር?»

«እማማ፣ የገደለው እኮ እሱ ጎማ ነው።»

እማማ ክሌግ የሰሙትን ያመኑ አልመሰሉም። «ምን አልሽ?»

«ጎማው ውስጡ አይታጠብም። ብሩሽም ጣትም አይገባበትም። የትናንቱ ወተት እዚያ ይበሰብሳል፤ የዛሬው ወተት በዚያ ላይ ያልፋል። ከዚያ ደግሞ ዝንቡ አለ። ከሽንት ቤቱ ተነሥቶ ክዳን የሌለው ወተት ላይ ያርፋል። ካላመኑኝ አንዱን በመቀስ ሰንጥቀው ያሽትቱት።»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ። አንቺን ራስሽን ማን የተቀበለሽ መሰለሽ? በእግርሽ ነው የመጣሽው። ያኔም ነገርሽ ሁሉ ግልብጥ ነበር።»

የቧንቧ ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳቁ። ሌቲም ፈገግ አለች።

«በእግሬም ብመጣ በሰላም አውጥተውኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ይሄ ዝንብ...»

«ዝንብ ከኖኅ መርከብ ጀምሮ አለ። ኖኅ ያላባረረውን እኔ ላባርረው?»

«ኖኅ ጡጦ አልነበረውም።»

አሁን ሳቁ ወደ ሌቲ ዞረ። እማማ ክሌግ ፊታቸው ቀላ። ሌቲ እዚህ ላይ ዝም ብትል ኖሮ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ወጣትነትና ድል አንድ ላይ ሲመጡ ዝም አያሰኙም።

«እርስዎስ ስንት ወልደው ስንት አሳደጉ?» አለች።

ባልዲው ሞልቶ ውሃው መሬት ላይ ሲፈስ የሚያነሣው ሰው ጠፋ።

«አሥራ አንድ ወልጄ ስድስት አሳድጌያለሁ» አሉ እማማ ክሌግ። «አንቺ ደግሞ አንድም ሳትወልጂ የሞቱብኝን አምስቱን ልትቆጥሪልኝ መጣሽ።» ይህን ብለው ጀርባቸውን ሰጥተዋት ሄዱ።

እውነት በክፉ ሰዓት ከተነገረች ከሐሰት የባሰ ትቆረቁራለች። ሌቲ የተናገረችው ሁሉ ልክ ነበር፤ ግን የተማረ ሰው አዘውትሮ የሚስተውን ስታለች። አሮጊቷ የተሳሳቱበትን እንጂ የቆሰሉበትን አላየችም።

እማማ ክሌግ ቤታቸው ገብተው የልጅ ልጃቸውን ኤፊን ከጎረቤት ተቀበሉ። ኤፊ የሰባት ወር ልጅ ናት። እናቷ ሴሊና፣ የእማማ ክሌግ የመጨረሻ ልጅ፣ ከንጋት ጀምሮ አራት የሽመና መኪና ላይ ቆማ ትውላለች። አሮጊቷ ሕፃኗን አልጋዋ ላይ አጋድመው፣ ጠርሙሱን ሞልተው ጎማውን አፏ አደረጉላትና ተቀመጡ። ወዲያው ተነሡ። ምድጃውን ጠረጉ፤ የተጠረገ ነበር። በሩን ዘጉ፣ ታፈኑ፣ መልሰው ከፈቱ። አንድ ዝንብ የወተቱ ማሰሮ አፍ ላይ ዞሮ ዞሮ ሲያርፍ አዩና በጨርቅ መቱት። ሌላ መጣ። ስድሳ አራት ዓመት ሙሉ አብሯቸው የኖረው ዝንብ ያን ቀን ብቻ ለምን ዓይናቸው ውስጥ እንደገባ ራሳቸውን እየጠየቁ ተናደዱ። ኤፊ ግማሹን ጠብታ ጎማውን ተፋችው።

«ጥቢ እንጂ» አሏት። ኤፊ ፊቷን አዞረች።

ከቀትር በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሌቲ ነበረች። ቆቧን አውልቃ በእጇ ይዛለች።

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። የጠዋቱ አፍ የኔ አፍ አልነበረም።»

«ያንቺው ነበር። ግቢና ተቀመጪ፤ ደጅ ቆመሽ ሰው አታሳቂብኝ።»

ሌቲ ገብታ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ደብተሯን ገለጠች። «አንድ ነገር ይርዱኝ። የከተማው ሐኪም ለማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ጽሑፍ ይፈልጋል። ከጁላይ ወዲህ በታነር ጎዳናና በጓሮው ስንት ሕፃን ሞተ? እኔ ያገኘሁት አሥራ አንድ ነው።»

«አሥራ አራት ነው» አሉ እማማ ክሌግ ሳያስቡ። «አሥራ አንድ ያለሽ ማነው?»

«መዝገቡ።»

«መዝገቡ አልገነዛቸውም።»

«እንግዲያው እርስዎ ይንገሩኝ። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ በምን ይጠባ እንደነበር።»

እማማ ክሌግ ማንበብም መጻፍም አያውቁም። ነገር ግን አርባ ዓመት ሙሉ የተቀበሉትንና የሸኙትን ሁሉ ራሳቸው ውስጥ ይዘዋል። ኤፊን አቅፈው ቆሙና ከጎዳናው ራስ ጀምረው ቤት በቤት ይቆጥሩ ጀመር።

«ቁጥር አራት፣ የሀርግሪቭስ ልጅ፣ ክላራ። ስድስት ወሯ። ባለ ጎማው። ቁጥር ሰባት፣ ዋልተር። አምስት ወሩ። ባለ ጎማው፣ በቆርቆሮ ወተት። ቁጥር አሥር ያቺ ስሟን እንኳ ያልጠሩላት። እሷ ያለ ቀኗ ተወልዳ ነው፤ ከጡት በቀር አልቀመሰችም፤ እሷን እለፊያት።»

«አልልፋትም። እጽፋታለሁ።»

«ጻፊ። ቁጥር አሥራ ሁለት፣ ኧርነስት። ባለ ጎማው። ቁጥር አሥራ አምስት፣ ማቤልና የአክስቷ ልጅ። ባለ ጎማው። ሁለቱም...» አሉና ቆም አሉ። ከዚያ ቀጠሉ፤ ድምፃቸው ግን እየዘገየ ሄደ። አርተር ፒሊንግ ጋ ሲደርሱ በምን ይጠባ እንደነበር አልተናገሩም። ሌቲም አልጠየቀችም።

«ስንት ሆነ?» አሉ በመጨረሻ።

«አሥራ ሦስቱ በዚያ ጡጦ ነው። አንዷ ብቻ ናት ያለ እሱ።»

«ድሃ ስለሆኑ ነው። ቤቱ ጠባብ፣ አባቱ ሰካራም። የደላው ልጅ መች ይሞታል?»

«ይሁን። እንግዲያው ከጎዳናው ሁሉ በጣም የቸገረው ቤት የማን ነው?»

«የኖራ ብራኒጋን ነዋ። ከምድር በታች አንድ ክፍል፤ ልጅ ሰባት፤ የሽንት ቤቱ አመድ መስኮቷ ስር ነው የሚከመር።»

«ኖራ በዚህ ዓመት ወልዳ አልነበር?»

የኖራ ልጅ ሚካኤል እማማ ክሌግ ዓይን ላይ መጣ። ጭኑ እንደ ዳቦ ሊጥ የተነፋ፣ ሲያለቅስ ጎዳናውን የሚያናውጥ የስምንት ወር ልጅ። በተወለደ ዕለት ጡጦውን ይዘው ሄደው ነበር። ኖራም ስቃ «እማማ፣ እግዚአብሔር ሁለት ጡጦ ሰጥቶኛል፤ ሦስተኛውን ምን አደርገዋለሁ?» ብላ መልሳላቸዋለች። ያኔ «ኋላ ቀር» ብለው ተናደውባት ነበር የወጡት።

«ጡት ነው የሚጠባው» አሉ ቀስ ብለው። «ያቺ ቆሻሻ ሴት። ልጇ በቆሻሻ መካከል ይስቃል።»

ሌቲ ደብተሩን ዘጋች። ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልጨመረችም፤ ከጠዋቱ ተምራለች። ሰው የሌላውን እውነት ሊገፋው ይችላል፤ በገዛ አፉ ቆጥሮ የደረሰበትን እውነት ግን ወዴት ይገፋዋል?

እማማ ክሌግ ኤፊን ለሌቲ አቀበሏት። ከመሳቢያው መቀስ አወጡ። ጎማውን ከጠርሙሱ መዝዘው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰነጠቁት። ውስጡ ቢጫና አረንጓዴ የለበሰ ዝልግልግ ነገር ነበር። አፍንጫቸው ድረስ ማምጣት አላስፈለጋቸውም። ብዙ ሬሳ ያጠቡ ሴት ናቸውና ሽታውን ያውቁታል።

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸው ዝም አለ።

በዚያው ሰዓት ኤፊ አስመለሰች። ወዲያውም ሆዷ ተፈታ።

«ምን ላድርግ?» አሉ እማማ ክሌግ። ይህን ቃል በዚያ ጎዳና ከእሳቸው አፍ የሰማ ሰው አልነበረም።

«ወተት ያቁሙ። ውሃ አፍልተን አቀዝቅዘን፣ በማንኪያ ጥቂት ጥቂት፣ ሳናቋርጥ። ብታስመልስም እንደገና። ነገ ከቀለላት የገብስ ውሃ። ማንኪያውም ጽዋውም በየጊዜው ይቀቀላል፤ እጃችንን በሳሙና።»

ሴሊና ከፋብሪካ ስትመለስ ጠጉሯ በጥጥ ብናኝ ነጭ ሆኖ ነበር። እናቷንና የጤና ጎብኚዋን በአንድ ማንኪያ ላይ ተጎንብሰው፣ ጠረጴዛው ላይም የተሰነጠቀውን ጎማ አየች። ነገሩ ሲነገራት መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ ተቆጣች።

«ሁልጊዜ ጥፋቱ የእናት ነው?» አለች ሌቲን። «ነገ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት መኪናዬ ላይ ካልቆምኩ ሌላ ሴት ትቆምበታለች። ሽንት ቤቱን የማያስጠርገው የቤቱ አከራይ ነው። ለሃያ ቤት አንድ ቧንቧ የሰጠን ማዘጋጃ ቤቱ ነው። እናንተ ስትመጡ ግን የምታሸቱት የኔን ጡጦ ነው።»

«ልክ ነሽ» አለች ሌቲ። «እኔም ያደግሁት እዚሁ ጓሮ ነው፣ ሴሊና። የእነሱንም በር አንኳኳለሁ፤ ይህን ዝርዝር ይዤ ስብሰባቸው ፊት እቆማለሁ። ግን ሽንት ቤቱ እስኪጠረግ ኤፊ አትጠብቀንም። ጡጦው በእጃችን ነው፤ ዛሬ መለወጥ እንችላለን።»

«ቀን ቀንስ ምን ትብላ?»

«ጡትሽ አልደረቀም። ጠዋት ሳትወጪ፣ ማታ ስትገቢ ታጠቢያታለሽ። ቀን እናትሽ የፈላ ወተት፣ ተከድኖ የቀዘቀዘ፣ በጽዋና በማንኪያ ይሰጧታል።»

«እኔ እሰጣታለሁ» አሉ እማማ ክሌግ። «እጄ ሌላ ምን ሥራ አለው?»

ሁለት ቀን ሙሉ ማንኪያው አልተቀመጠም። በሦስተኛው ቀን ኤፊ ተርባ ጮኸች፤ አሮጊቷም ያን ጩኸት ሲሰሙ ግድግዳ ተደግፈው አለቀሱ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ የአንድ ቤት ደስታ ብቻ በሆነ ነበር። እማማ ክሌግ ግን ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻሉም። ጡጦውን ለአርባ ምናምን እናት በእጃቸው ሰጥተዋል። ቅርጫት አንጠልጥለው በየቤቱ ዞሩ። ሌቲ ከጸደይ ጀምሮ ለፍታ በር ያላስከፈተችበት ቤት ሁሉ ለእሳቸው ተከፈተ። «የሰጠሁሽን መልሺልኝ» ይላሉ። «ለምን?» ሲባሉ «ተሳስቼ ነው» ይላሉ። አንዳንዷ ሳቀች፤ አንዳንዷ «እርስዎም ከማዘጋጃ ቤት ደመወዝ ጀመሩ እንዴ?» ብላ ነካቻቸው። እሳቸውም «ስድብሽን ነገ እሰማዋለሁ፤ ጡጦውን ዛሬ ስጪኝ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

አንድ ቤት ብቻ ቀራቸው። በፒሊንግ በር ሦስት ጊዜ አለፉ፤ ሦስት ጊዜም መንገዳቸውን ቀጠሉ። በአራተኛው ገቡ። ኤለን ፒሊንግ አዳን ጭኗ ላይ አድርጋ ባዶ ግድግዳ ታያለች። ጎማው በሕፃኗ አፍ ውስጥ ነበር።

«ኤለን፣ እሱን ከአፏ አውጪው።»

«ምነው?»

«አርተርን የወሰደው እሱ ነው። እኔ ነኝ የሰጠሁሽ። መልካም መስሎኝ ነበር።»

«ለምን ነገሩኝ?» አለች ኤለን። «ጥርስ ነው ብለውኝ ነበር። በጥርስ ነው የሞተው ብዬ ተኝቼ ነበር። አሁን እንዴት ብዬ ልተኛ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም። ዝም ብል አንቺ ትተኛለሽ፤ አዳ ግን ትሄዳለች።»

«ይውጡልኝ» አለች ኤለን።

እማማ ክሌግ ወጡ። ቅርጫታቸውን ደፍተው ጠርሙሶቹን ሲሰባብሩ ዋሉ፤ ጎማዎቹንም እሳት ውስጥ ጨመሯቸው። ሲነድዱ ጎረቤቱ ሁሉ አፍንጫውን ያዘ።

በማግሥቱ ጠዋት በራቸው ተንኳኳ። ኤለን አዳን በሻሏ ጠቅልላ ደጁ ላይ ቆማለች። ፊቷ አልተፈታም።

«ይቅር ልልዎ አልመጣሁም» አለች። «ወተቱ እንዴት እንደሚፈላ ያሳዩኝ።»

«ግቢ» አሉ እማማ ክሌግ። ድስቱን ጣዱ፤ መጀመሪያ ግን እጇን በሳሙና አስታጠቧት።

ያ ትምህርት ከአንድ ድስት ተነሥቶ ብዙ ቤት ደረሰ። በመከር ወራት በጸሎት ቤቱ አዳራሽ በየሐሙሱ የሕፃናት መመዘኛ ተከፈተ፤ ዝርዝሩ ከደብተሩ ሲነበብ የሰሙት የማዘጋጃ ቤቱ ሹማምንት ከብዙ ክርክር በኋላ በጓሮው የአመድ ጉድጓዶችን አስደፍነው በውሃ የሚጸዳ ሽንት ቤት አሠሩ፤ ሁለት ቧንቧም ጨመሩ። እናቶች ወተት ማፍላትን፣ መክደንን፣ ማጥባት የሚችሉትም ጡት መስጠትን እንደ ጸሎት ለመዱት። ቀጥሎ የመጣው ኦገስትም እንዳለፈው ሞቃት ነበር፤ በዚያ ወር በታነር ጎዳና የሞተው ሕፃን ግን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በሳንባ ምች። ሰው የማይለወጥ የእግዚአብሔር ቁጣ ያለው ነገር፣ ዋናው ሥሩ ያልታጠበ ጎማና ያልተጠረገ ጓሮ ሆኖ ተገኘ።

ኤለን ፒሊንግ በየሐሙሱ አዳን ይዛ ትመጣለች። ከእማማ ክሌግ ጋር ስለ ክብደት፣ ስለ ወተት፣ ስለ አየሩ ትነጋገራለች፤ ስለ አርተር አንድም ቀን አንሥታ አታውቅም። አንድ ሐሙስ ግን አዳራሹ ሲጨናነቅ፣ በመጀመሪያ ልጇ ግራ የተጋባች አንዲት ወጣት እናት «የማን ምክር ልስማ?» ብላ ስትጠይቃት፣ ኤለን በአገጯ ወደ አሮጊቷ አመለከተች።

«እሳቸውን ስሚ» አለቻት። «ሲሳሳቱ መጥተው ይነግሩሻል።»